ስለ ጊዜ ቃላት ትርጉምና ስለ ሰው ልጅ ተስፋ

ጊዜ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ጉባኤ ብቻ አይደለም፤ ተራው ሰው ስለ ጊዜ የሚናገርባቸው ትንንሽ ቃላት፣ «ገና»፣ «አሁንም»፣ «ከእንግዲህ»፣ «መቼም» የሚሉት፣ ከሰዓትና ከቀን መቍጠሪያ ያልተገኘ ዕውቀት ተሸክመው በየአፉ ይኖራሉና። ፀሐይ ከምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ እስክትጠልቅ ድረስ በሰማይ ላይ «ገና» የሚባል ስፍራ የላትም፤ የሰዓት መርፌም በየትኛውም ቍጥር ላይ ቢያርፍ «ከእንግዲህ» ብሎ አያመለክትም። እነዚህን ቃላት የሚያውቃቸው የሚጠብቅ ፍጥረት ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜ በፍጥረታት እንቅስቃሴ ውስጥ ይኖራል ወይስ በነባቢት ነፍስ ውስጥ የሚለው የጥንት ክርክር በየት እንደሚፈተን ቢጠየቅ፣ የጊዜ ቃላት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በሚሰናከሉበት ድንበር ላይ ነው ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠውም ድንበር የኢጣልያንኛ ተውሳከ ግሥ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገርበት ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ጎረቤቶች ናቸው። ኢጣልያንኛ የላቲን ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛም በትውልዱ ከጀርመን ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ሳለ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ እጅግ ብዙ ቃላት ወርሷል፤ ከዚህም የተነሣ የሕጉ፣ የፍልስፍናውና የሥነ መለኮቱ ታላላቅ ስሞች፣ ፍትሕም ይሁን ነፃነት፣ ጸጋም ይሁን ባሕርይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መልካቸውን ብዙ ሳይለውጡ ይሻገራሉ። አጫጭሮቹ የጊዜ ቃላት ግን ከድንበሩ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ መዝገበ ቃላቱ ለእያንዳንዳቸው አራትና አምስት ፍች ደርድሮ ያቀርብላቸዋል፣ ተርጓሚውም ከእነዚህ መካከል የትኛውን እንዲያነሣ መዝገቡ ሳይነግረው ብቻውን ይቀራል።

ከምዕራብ አባቶች መካከል የጊዜን ነገር በጥልቅ የመረመረው የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ነው። ይህ አባት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ በ354 በሰሜን አፍሪካ በታጋስቴ ተወልዶ፣ በ387 በሚላኖ ከተማ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ተጠምቆ፣ በ430 በሂፖ ዐረፈ። ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በዐሥራ አንደኛው ክፍል፣ ያለፈው ከሌለ፣ የሚመጣውም ገና ካልሆነ፣ ያለውም ሲይዙት የሚያመልጥ ከሆነ፣ ሰው ጊዜን ለካሁ ሲል የሚለካው ምን እንደ ሆነ ከጠየቀ በኋላ፣ በነፍስ ውስጥ ሦስት ዐይነት አሁን እንዳለ ያስተምራል፤ ያለፈው በትዝታ፣ ያለው በማስተዋል፣ የሚመጣውም በጥበቃ ለነፍስ አሁን ይሆንላታል። የእኛም የቅኔ ቤት መምህራን የግሥን አናቅጽ ሲሰይሙ ከዚህ ሐሳብ አልራቁም፤ ያለፈውን ኀላፊ ብለው ሲያበቁ የሚመጣውን «ትንቢት» ብለውታልና፤ ትንቢትም የሚናገር አፍና የሚጠብቅ ልብ በሌለበት አይገኝም።

ይህን ይዘን ወደ ኢጣልያንኛው ስንሄድ በመጀመሪያ የምናገኘው «ጃ» የሚለውን ቃል ነው። «ጃ» የላቲኑ «ያም» ልጅ ሲሆን፣ አንድ ነገር ከተጠበቀበት ሰዓት ቀድሞ መድረሱን ይመሰክራል። ኢጣልያናዊ ባለቤት በዚህ ቃል እንግዳውን በልተሃል ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልሰው ሰው ሁለት መንገድ ይቀርብለታል፤ «ዬት» ካለ ጠያቂው እውነቱን ለማወቅ ብቻ ይጠይቃል፣ «ኦልሬዲ» ካለ ግን እንዲህ ፈጥነህ በላህን ብሎ መደነቁ ነው። ኢጣልያንኛው ይህን ልዩነት ለድምፅና ለፊት ገጽታ ትቶታል፤ እንግሊዝኛው በቃል ካልተገለጠ አይቀበለውም። እንግዲህ ተርጓሚው ባለቤቱ በሩን ሲከፍት በልቡ ምን ይጠብቅ እንደ ነበረ ሳያውቅ ይህቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ በትክክል ሊጽፋት አይችልም።

«አንኮራ» ደግሞ ከዚህ ይልቅ ሰፊ ነው፤ እንግሊዝኛው «ስቲል»፣ «ዬት»፣ «አጌይን»፣ «ሞር» ብሎ ለአራት ያካፈለውን ርስት ብቻውን ይዞታል፤ የቀጠለውን፣ ያልደረሰውን፣ የተደገመውንና የተጨመረውን በአንድ ስም ይጠራል። ግእዝ የተማረ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ «ዓዲ» የሚለው የግእዝ ቃል እንዲሁ ገናም፣ ዳግመኛም፣ በተጨማሪም ይሆናልና። የመጻሕፍት መምህር እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥመው አንዱን ፍች ሰጥቶ «አንድም» እያለ ሌላውን ያስከትላል፤ አንዱ ፍች ሌላውን ሳያባርረው ተማሪው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ልቦለድና ግጥም ለሚተረጕም ሰው ግን ይህ ፈቃድ አልተሰጠውም። ሕፃን በአባቱ ጉልበት ላይ ሲዘልል «አንኮራ!» ቢል ድገምልኝ ማለቱ ነው፤ በሽተኛ መርፌ ይዞ የመጣውን ሐኪም «አንኮራ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ገና አላበቃም ወይ፣ ዳግመኛ ነው ወይ፣ ሌላም ቀርቶ ነው ወይ የሚሉት ሦስቱም በአንድነት ከአፉ ወጥተዋል፤ እንግሊዝኛ ጸሓፊው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን ያሰናብታል፤ ከበሽተኛውም ሥቃይ ውስጥ የትኛውን ክፍል ለአንባቢ ማድረስ እንደሚገባው የሚነግረው ሰዋስው የለም።

ተርጓሚዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ግን «ኦርማይ» ነው። ይህ ቃል ከ«ኦራ»ና ከ«ማይ» የተጋጠመ ሲሆን፣ «ኦራ» ሰዓትም አሁንም ማለት ነው፤ «ማይ» ደግሞ «ይልቅ» የሚል ትርጉም ከነበረው ከላቲኑ «ማጊስ» የወረደ ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲነገሩ፣ ነገሩ ቀስ በቀስ ተጕዞ ከዚህ ደርሷል፣ ከደረሰበትም ወደ ኋላ አይመለስም የሚል ሐሳብ ይሰጣሉ። ልጆቹ ኦርማይ አድገዋል፤ ኦርማይ መሽቷል፤ ኦርማይ ልንደርስ ነው፤ በነዚህ ሁሉ የሚሰማውን ስሜት የአማርኛ ተናጋሪ ከሩቅ ሳይፈልግ «አሁንማ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ባለችው «ማ» ውስጥ ያገኘዋል፤ «አሁን አድገዋል» እና «አሁንማ አድገዋል» የተባባሉ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ እውነት ሲናገሩ፣ ሁለተኛው ግን ትናንት ትንንሽ እንደ ነበሩ የሚያስታውስና መለወጡን በልቡ የተቀበለ ሰው ነውና። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል ስለሌለው፣ እንደየአገባቡ «ናው»፣ «ባይ ናው»፣ ስለ ኀላፊ ጊዜ ሲሆን «ባይ ዜን»፣ ከአሉታ ጋር ሲሆን «ኖ ሎንገር»፣ አንዳንድ ጊዜም «ቱ ሌት» ይባልለታል።

ይህ ምርጫ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አንዲት እናት ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ባሕር ማዶ ስለ ሄደ ልጇ ስትጠየቅ፣ ኦርማይ አልጠብቀውም ብላ የመለሰችበትን ልቦለድ እንደሚተረጕም አድርጎ ያስብ። «ናው» ብሎ ቢጽፍ፣ ዛሬ አልጠብቀውም፣ ነገ ግን ምናልባት እጠብቀው ይሆናል ያሰኛታል፤ ይህም ያልነበራትን ተስፋ መስጠት ነው። «ቱ ሌት» ብሎ ቢጽፍ፣ ጊዜው አልፏል፣ ነገሩ ጠፍቷል ያሰኛታል፤ ይህ ደግሞ ያልተናገረችውን ቍርጥ ሐዘን መጫን ነው። «ኖ ሎንገር» ቢል እውነቱን ይናገራል፣ ነገር ግን እንደ ዳኛ መዝገብ ይደርቃል። እናቲቱ ያለችው ጥበቃዋ በአንድ ቀን ያልተቈረጠ መሆኑን፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ሄዶ ማለቁን ያወቀችው ካለቀ በኋላ መሆኑን ነው። በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው ተርጓሚ ብዙ ጊዜ ተውሳኩን ፈጽሞ ይተወውና፣ ጥንት የተጀመረን ሥራ ከዛሬ ጋር በሚያያይዘው የእንግሊዝኛ አንቀጽ፣ «ሐቭ» በሚባለው ረዳት ግሥ፣ መጠበቅ አቁሜአለሁ ብላ እንድትናገር ያደርጋታል። ቃሉ ከገጹ ላይ ጠፍቷል፤ ነገር ግን የቃሉ ነፍስ በግሡ ውስጥ ዐድራለች፤ ቃል በቃል የተከተለው ሰው ያላገኘውን ታማኝነት ቃሉን የተወው ሰው አግኝቶታል።

ከሩቁ ቀላል የሚመስለው «ሴምፕሬ»፣ ሁልጊዜ ማለት የሆነው፣ እርሱም የራሱ ምሥጢር አለው። በአንድ በኩል ኢጣልያናዊ ወዳጁን ሴምፕሬ በሮማ ትኖራለህን ብሎ ሲጠይቀው አሁንም እዚያው ነህን ማለቱ ስለ ሆነ፣ ዘላለም የሚመስለው ቃል ወደ «ስቲል» ይወርዳል። በሌላ በኩል ጃኮሞ ሌኦፓርዲ፣ በ1798 በሬካናቲ ተወልዶ በ1837 በናፖሊ የሞተው ባለቅኔ፣ በ1819 የጻፈውን ስለ ወሰን የለሹ ነገር የሚናገር የ15 ስንኝ ግጥም የጀመረው በዚሁ ቃል ነው፤ ከዚያም ሁልጊዜ የሚለውን ቃል ከተናጋሪው ዛሬ ፈጽሞ ከተቈረጠው የሩቅ ኀላፊ አንቀጽ ጋር አጣምሮታል። በትውልድ ከተማው አጠገብ ያለችውን ብቸኛ ኮረብታ መውደዱን ሲናገር፣ የማያልቀውን ቃል ባለቀ ግሥ ላይ አስቀመጠው። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች በዚህ ስፍራ ለሁለት ተከፍለዋል፤ «ዎዝ» ያሉት ፍቅሩን ወደ ትናንት አስቀርተው ዛሬ አለ ወይስ የለም የሚል ጥርጣሬ ያስገባሉ፤ «ሐቭ» በሚለው አንቀጽ የተናገሩት ደግሞ ፍቅሩን እስከ ዛሬ አድርሰው፣ በዋናው ላይ ያረፈውን የሩቅነት ጥላ ይገፉበታል። ባለቅኔው ግን ሁለቱንም ፈልጓል፤ ገና በሃያ አንድ ዓመቱ ገደማ የሚኖርበትን ቀን ካለፈ በኋላ እንደሚያየው ሰው ሆኖ ተመለከተው፤ ወሰን የሌለውም ነገር ለሟች ሰው የሚታየው ከእንዲህ ያለ ስፍራ ብቻ ነው።

የጊዜ ቃልና የግሥ አንቀጽ በሞትና በሕይወት ላይ ሲፈርዱ ለማየት የሚሻ ደግሞ የዳንቴ አሊጊዬሪን የሲኦል ክፍል ዐሥረኛ ካንቶ ያንብብ። ነፍስ ከሥጋ ጋር ትሞታለች ብለው የኖሩ ሰዎች በዚያ በተከፈቱ መቃብሮች ውስጥ ይሠቃያሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ካቫልካንቴ ካቫልካንቲ የዳንቴን ድምፅ ሰምቶ ልጄ ጕይዶ ስለ ምን ከአንተ ጋር አልመጣም ብሎ ይጠይቃል። ዳንቴ ሲመልስ ስለ ጕይዶ በሩቅ ኀላፊ አንቀጽ አንዲት ግሥ ይጥላል፤ አባትየው በዚያች ግሥ ደንግጦ ይነሣና ልጄ «አንኮራ» በሕይወት የለምን ብሎ ይጮኻል፤ ዳንቴም መልሱን ጥቂት ቢያዘገይበት ሞቷል ብሎ ወደ መቃብሩ ይወድቃል፣ ዳግመኛም አይታይም። ምክንያቱን በዚያው ያለ ፋሪናታ የተባለ ሌላ ነፍስ ይገልጠዋል፤ እነዚያ ነፍሳት ከሩቅ የሚመጣውን ያያሉ፣ የቀረበውንና ያለውን ግን አያውቁም። ስለዚህ ዳንቴ በእርሱ በኩል ጕይዶ እስከ አሁን ከሕያዋን ጋር ነው የሚል መልእክት ይልካል። ጕዞው የተደረገው በ1300 በጸደይ ወራት እንደ ሆነ ግጥሙ ያመለክታል፤ ጕይዶ ደግሞ የሞተው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው፤ ዳንቴ ይህን የጻፈው ከዚያ በኋላ በስደት ሳለ ነውና፣ በጕዞው ቀን እውነት የነበረው «አንኮራ» ብዕሩ ሲጽፈው እውነትነቱ አልፎ ነበር። እንግሊዝኛ በተራው ኀላፊ አንቀጹ ስለ ሕያው ሰው ያለ ችግር ስለሚናገር፣ አባትየውን የወጋው የግሥ ስለት በእንግሊዝኛው አንባቢ ዘንድ ይደንዛል፤ ተርጓሚው ስለቱን ሊመልሰው የሚችለው ግሡን በአባትየው አፍ ውስጥ አጥብቆ በማስደገም ነው።

እስከ አሁን ያየናቸው ቃላት ለመሻገር ያስቸገሩ ነበሩ፤ ያለ ምንም ችግር ተሻግሮ ትርጉሙን በማዶ የሚተው ቃልም አለ። «ዶማኒ»፣ ነገ ማለት የሆነው፣ ከማለዳ ጀምሮ ከሚል የላቲን ሐረግ ወርዷል፤ የእኛም ነገ ከንጋት ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሰው የሚመጣውን ቀን በብርሃኑ መጥራቱ በብዙ አገር የተገኘ እምነት ነው። በ1919 በቶሪኖ የተወለደው ፕሪሞ ሌቪ በ1944 ወደ አውሽቪትዝ ካምፕ ተወስዶ በጥር 1945 ከዚያ በሕይወት ከተገኙት አንዱ ሲሆን፣ ያየውን በኢጣልያንኛ ጽፎ በ1947 አሳተመ፤ በዚያም መጽሐፍ በካምፑ ንግግር ፈጽሞ አይሆንም ማለት ሲሹ ነገ ጧት ይሉ እንደ ነበረ መስክሯል። እንግሊዝኛው ትርጉም በ1959 ሲወጣ ይህን አባባል ለማሻገር ልዩ ጥበብ አላስፈለገውም፤ ነገም ጧትም በየቋንቋው አሉና። ነገር ግን ሰዎች ንጋትን በእምቢታ ስፍራ ለማኖር እስኪገደዱ ድረስ ምን እንደ ተፈጸመባቸው ያልተረዳ አንባቢ፣ ቃላቱ ሁሉ በትክክል ቢደርሱትም፣ ነገሩ አልደረሰውም። ተስፋ የተነጠቀ ሕዝብ ቃላቱ በቦታቸው ይቀሩለታል፤ የሚጠፋው በቃላቱ ውስጥ የሚኖረው ጥበቃ ነው፤ ይህም የጊዜ ቃል ኃይሉን የሚያገኘው ከነፍስ መሆኑን ከማንኛውም የፍልስፍና ክርክር ይልቅ ያስረዳል።

በዚህ አንጻር የክርስትና ሥነ መለኮት ታላቁን ተስፋ በሁለት የጊዜ ቃላት ላይ ማቆሙ የሚያስደንቅ አይደለም። ጌታችን ለሳምራዊቱ ሴት ሲናገር ሰዓቱ እንደሚመጣና አሁንም እንደ ሆነ በአንድነት ነግሯታል፤ ዮሐንስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ዛሬ የእግዚአብሔር ልጆች መሆናችንን፣ የምንሆነው ግን ገና አለመገለጡን ጽፏል። የኢጣልያ የሥነ መለኮት ሰዎች ይህን ነገር «ጃ ኤ ኖን አንኮራ» ብለው ይጠሩታል፤ ደርሷል፣ ገናም አልደረሰም ማለት ነው። በስትራስቡርግ የተወለደው ኦስካር ኩልማን በ1946 ክርስቶስና ጊዜ በተባለው መጽሐፉ ይህን ሲያስረዳ፣ ጦርነቱን የሚወስነው ውጊያ ድል ሆኖ ሳለ የድሉ በዓል እስኪከበር ድረስ ውጊያው በሚቀጥልበት ወራት መስሎታል፤ ያን ዘመን ላለፉት አንባቢዎች ምሳሌው ማብራሪያ የሚሻ አልነበረም። «ኖን አንኮራ» አሉታ ቢሆንም እንደ ሌላው አሉታ አይደለም፤ ሲከለክል ቃል ኪዳን ይገባል። አማርኛችን ይህን እጅግ አጥርቶ ያሳያል፤ መጣ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ገና ነው» ሲል አንዳች የአሉታ ፊደል ሳይጨምር አለመምጣቱን ይናገራል፣ ሲናገርም የሚመጣ መሆኑን አብሮ ያምናል።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ ፀሐይና ጨረቃ ሰው ሳይፈጠር ለዘመናትና ለዕለታት ምልክት ሆነው ተሾመዋል፣ እንግዲህ ጊዜ የነፍስ ፈጠራ ነው ማለት ስሕተት ነው ቢል፣ እውነት ተናግሯል። ጊዜ የነፍስ ፈጠራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችንም ባሕረ ሐሳብን የምታስተምረው ዘመናት በቍጥር የሚታወቁ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚወጣላቸው ስለ ሆኑ ነው። ነገር ግን ባሕረ ሐሳብ የትንሣኤን ዕለት በትክክል ቢያወጣ፣ ለጾመኛው ዕለቱ ዘገየ ወይስ ፈጠነ የሚለውን አያወጣም። የጊዜ መጠን ለፍጥረት ሁሉ በእኩል የተሰጠ ነው፤ መዘግየቱና መፍጠኑ፣ መቅረቱና መድረሱ ግን የሚታወቀው በሚጠብቀው ነፍስ ዘንድ ነው፤ «ጃ»ና «አንኮራ»፣ «ኦርማይ»ና «ገና» ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ የሚበቅሉ ቃላት ናቸው፤ ቃል በቃል የማይሻገሩትም ስለዚሁ ነው፤ መጠኑ በሁሉ አገር አንድ ሲሆን እያንዳንዱ ቋንቋ የተናጋሪውን ጥበቃ የሚገልጥበት ሥርዓት ልዩ ልዩ ነውና።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የካቲት 8 ቀን የሚታሰበው ስምዖን አረጋዊ በበጥሊሞስ ዘመን ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ ነበረ። ድንግል ትፀንሳለች ከሚለው ከኢሳይያስ ቃል ሲደርስ ነገሩ ሊታመን የማይችል መስሎት ቃሉን ቀለል ባለ ቃል ሊለውጠው ወደደ፤ ነገር ግን የተጻፈው ሲፈጸም ሳያይ ሞትን እንዳይቀምስ ተነገረውና፣ ድንግል የወለደችውን ሕፃን በቤተ መቅደስ እስኪታቀፈው ድረስ ዘመናትን ጠበቀ። ይህ ትውፊት ስለ ተርጓሚ ሥራ ከተነገረው ሁሉ የጠለቀ ይመስለኛል። ስምዖን የነቢዩን ጥበቃ በራሱ እምነት መጠን ሊያሳንሰው ፈለገ፤ ከዚያም ሊያሳንሰው ያሰበውን ጥበቃ ራሱ እንዲጠብቀው ታዘዘ። ኢጣልያንኛውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰውም ሆነ በአንድ ቋንቋ የወዳጁን ቃል የሚሰማ ሰው የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው ምን ይጠብቅ እንደ ነበረ ሳይመረምር ቃሉን እንዳይመልስ፣ ያልነበረውን ተስፋ እንዳይጨምርለት፣ የነበረውንም እንዳያጐድልበት። የተርጓሚ ታማኝነት ለቃሉ የሚከፈል ዕዳ ከመሆኑ አስቀድሞ ለተናጋሪው ተስፋ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ የከፈለ ተርጓሚ ቃሉን ቢተወውም ታማኝ ነው፣ ያልከፈለውም እያንዳንዱን ቃል በትክክል ቢያኖረው እንኳ አልተረጐመም።